ከታች የተቆረጠው ካራቫን

ካራቫኑ ወደ ግቢያችን የመጣው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ነበር። ካምፑ ሲፈርስ መሐንዲሶቹ ይተኙበት የነበረውን አሮጌ ተጎታች ቤት በጨረታ ገዛና በትራክተር አስጎትቶ ሲቀላ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ከማንጎው ሥር አቆመው። ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ዛሬም አላውቅም። እናቴ ስትጠይቀው «ቤት ነው፤ ቤት ምን ያደርጋል ይባላል?» ይላት ነበር። ጎማዎቹ ተነፈሱ፤ የሥሩ ብረት አፈር ውስጥ ሰመጠ፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። እኛም ረሳነው።

እኔ ያስታወስኩት ወንድሜ ሊያገባ ሲል ነው።

ቤታችን ሦስት ክፍል ነው። ሙሽራዋ ስትመጣ ክፍሌን እንደምለቅ ማንም አልነገረኝም፤ መናገርም አላስፈለገም። አንድ ቀን ግን እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች «አክስትሽ ሐዋሳ ብቻዋን ናት። ‘ትምጣልኝ፣ ሥራም አይጠፋም’ ብላለች» አለችኝ። በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ ከጀመርኩ ገና ሰባት ወሬ ነበር። በባዮሎጂ ለተመረቀ ሰው ትልቅ ሥራ አይደለም። ግን የበሽተኛ ስም ጮክ ብዬ መጥራትን ከስንት ላብ በኋላ ተለማምጄ ነበር። በሌላ ከተማ፣ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት እንደ አዲስ መጀመር አልፈለግኩም። ይህን ለእናቴ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መጥረጊያ ይዤ ካራቫኑ ውስጥ ገባሁ።

ለሠርጉ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶ ነበር። ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራ ነበር። በስልኬ አሮጌ ካራቫን የሚያድሱ ፈረንጆችን አያለሁ፤ እነሱ የሚጠቀሙበት ዕቃ ግን እኛ ጋ የለም። የመስኮቶቹን ጎማ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ ተካሁ። የጣሪያውን ቀዳዳ በቅጥራን ደፈንኩ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሚስማር ያቀብለኛል፤ «መሐንዲሱ ሬዲዮኑን የሚያስቀምጠው እዚህ ጋ ነበር» ይለኛል። የሠራሁትን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። የጣሪያውን እያንዳንዱን ቆርቆሮ በመዶሻ አንኳኩቼ ፈትሻለሁ። ከወገብ በታች ያለውን እንጨት ግን መልኩ ስላስጠላኝ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት እንጂ አንዴ እንኳን አላንኳኳሁትም።

ሠርጉ ወር ሲቀረው ወንድሜ አልጋዬን ተሸክሞ ገባ። ሦስተኛውን እርምጃ ሲረግጥ ወለሉ ተበሳና እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠፋ።

«ምድር ቤትም አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ እግሩን ጎትቶ አወጣ።

ግድግዳውን ከታች በጣቴ ስነካው እንደ ዳቦ ገባልኝ። ምስጥ እንጨቱን በልቶ ጨርሶት፣ ግድግዳውን ያቆመው የእኔ ቀለም ብቻ ነበር። አናጢ ጠራን። ጎንበስ ብሎ አየና «ከታች የሞተ ነገር ከላይ አይታከምም። ቆርቆሮውን ሽጡት» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እናቴ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን ስትወለውል አየኋት። ክፋት አልነበረባትም፤ ቀስ ብላ፣ እንደምታዝን ሰው ነበር የምትወለውለው።

በሳምንቱ የእናቴ አባት ለሠርጉ ምክር ከዶርዜ ወረደ። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የቀርከሃ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አሁን አገሩም ቆርቆሮ ስለለመደ ብዙም የሚጠራው የለም። ከእናቴ ጋር በጋሞኛ ያወራል፤ ለእኔ ግን ገበያ ላይ በተማረው አማርኛ «አንተ» እያለ ነው የሚያወራኝ። አርሜው አላውቅም። ካራቫኑን ዞረው፤ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በዱላው እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ በከሰል አሰመረ። መስመሩ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን ሄደ።

«አልሞተም። እግሩን ብቻ ነው የበላው» አለ።

«አናጢው አይሆንም ብሏል፣ አባባ።»

«አናጢ ቤት ተሸክሞ ያውቃል?»

በእነሱ አገር ምስጥ የቤቱን ሥር ሲበላ ቤት አይፈርስም። የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን ያነሳና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ቤቱ በየጊዜው ያጥራል፣ ግን ይኖራል። አያቴ ለካራቫኑም ይኸው ነው አለ። አካሉን ከብረቱ ላይ ማንሳት፣ ከመስመሩ በታች መቁረጥ፣ ብረቱን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ አዲስ ወለል መምታት፣ ከዚያ መመለስ።

«ሃያ ሰው ያስፈልጋል» አለ።

«ለጎረቤት እኔ እነግራለሁ» አለ አባቴ።

«አይሆንም። የሚተኛበት ማነው? እሱ ነው የሚጠራው። ሌላ ሰው ከጠራለት ቤቱ የሌላ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጥራ።»

ሦስት ቀን የምለውን ነገር ወረቀት ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ቀለምና ሚስማር ወደምገዛበት፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ሄድኩ።

«ቅዳሜ ጠዋት ቤት ልናነሳ ነው። ቢመጡልኝ...»

ባለሱቁ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ምን አልሽ?»

ደገምኩት።

«ሦስት ዓመት በጣትሽ እያሳየሽ ስትገዢ ‘ምስኪን፣ ምላስ የላትም’ ብዬ አዝኜልሽ ነበር እኮ! እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ወንድሞቼንም አመጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት በሮች ቀላል ሆኑልኝ ብል እዋሻለሁ። ግን ሁሉንም አንኳኳሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎቹንም፣ ላንቴ መንደር እየሄዱ ሙዝ የሚጭኑትን ጎረቤቶቻችንንም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሃያ በላይ ሰው መጣ። አያቴ በጋሞኛ ያዛል፤ ጋሞኛ የማያውቅም ዱላውን አይቶ ይረዳል። አካሉ ከብረቱ ተላቅቆ ማንጎው አጠገብ መሬት ላይ አረፈ። ሻይና ዳቦ ከቀረበ በኋላ ሰዎቹ አሥራ አንድ ሰዓት ሊመለሱ ተስማምተው ሄዱ። እኛ ቆረጥን፤ ብረቱን በድንጋይ አነሳን፤ በተቃጠለ ዘይት የነከርነውን የባህር ዛፍ አግዳሚ ገጠምን፤ ሳንቃውንም መታንበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና ወረደ። አካሉ ገና በተቆረጠ እንጨቱ ባዶ አፈር ላይ ተቀምጧል፤ የጓሮአችን ጎርፍ ደግሞ የሚያልፈው በዚያው ነው። በየቤቱ ለመዞር ጊዜ አልነበረም። ወንድሜ አየኝ፤ አባቴ አየኝ። አያቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ይመለከታል። አዲሱ ወለል ላይ ወጣሁ።

«ኧረ ጎረቤት! ቤቴን አንሱልኝ!»

ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። እንደገና ጮህኩ።

መጀመሪያ የደረሱት ባለሱቁ ናቸው፤ ሱቁን ክፍት ጥለው። ዘማሪዎቹም ሮጡ። ሙዝ ጫኞቹ ገና አልተመለሱም ነበርና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው በእነሱ ቦታ ገቡ። እናቴም ሊጥ በእጇ እንዳለ አንዱን ማዕዘን ያዘች።

«እማዬ ተይው፣ ከባድ ነው» አላት ወንድሜ።

«አንተን ዘጠኝ ወር ተሸክሜ አልሞትኩም። አንሳ!»

ሲያርፍ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መቱ። ሁላችንም አዲሱ ወለል ላይ ታጭቀን ዝናቡን አዳመጥን። አንድ ቦታ ያፈሳል። አያቴ ከራሴ እስከ ጣሪያው ያለውን በስንዝር ለካ።

«ገና ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ ወይ ታገባለህ፣ ወይ ተንበርክከህ ትገባለህ።»

ሁሉም ሳቀ። እናቴ ግን ወጥታ ስልክ ይዛ ተመለሰች። አክስቴ ነበረች። «አንቺው ንገሪያት» ብላ አቀበለችኝ።

«አልመጣም» አልኳት። «እዚሁ ቤት አለኝ።»

«ምን? ዝናብ ነው፣ አይሰማም!»

«አልመጣም፣ አክስቴ! ቤት አለኝ!»

መጋረጃውን አጥባ፣ መስኮቱ ጋ አልጋ ዘርግታ እንደነበር ነገረችኝ። ለራሴ ስሠራ እሷም እዚያ ለእኔ ስትሠራ እንደከረመች አላሰብኩም ነበር። ለፋሲካ መጥቼ አልጋው ላይ እንደምተኛ ቃል ገባሁላት። «ስንት ቀን?» አለችኝ። አንድ ሳምንት አልኩ። አሥር ቀን አለች። ዝናቡ እየመታ፣ በሰው መሐል ቆሜ፣ ስምንት ቀን ላይ ተስማማን።