ለሶግራ የተላኩ አራት መልእክቶች

ሐመልማል በስደት አገር፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ተቀጥራ ጋሼ ያዱላህን ስታስታምም ሦስት ዓመት አለፋት። ሽማግሌው ኢራን ውስጥ እየጠፋ ያለ፣ ኸላጅ የሚባል የቱርክ ዘር ቋንቋ ይናገራሉ። «ሌሎቹ ቱርኮች የቃል መነሻ ላይ የነበረችውን የህ ድምፅ ጥለዋታል፤ እኛ አልጣልናትም» እያሉ ለእሷ በእንግሊዝኛ ይኮሩባታል። የቋንቋው አናባቢ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም አለው። በየማለዳው አንድ የቆየ ቃል በድምፅ መልእክት ለታናሽ እህታቸው ለሶግራ ይልካሉ፤ እሷ ኢራን ካለው መንደራቸው ሆና የአናባቢውን ርዝመት ታርማለች። ቋንቋውን የሚያወሩት ከእሷ ጋር ብቻ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን ይዛ መቅጃውን የምትጫነው ሐመልማል ናት።

ሰኞ የሶግራ ልጅ ለሐመልማል ደወለች። «እናቴ ትናንት ዐረፈች። ለአጎቴ አንቺ ንገሪልኝ።»

መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ? በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ከግራ ከቀኝ የሚደግፍ ተዘጋጅቶ እንጂ! ከከተማው ሌላ ጫፍ ቡሪየን ላሉት፣ የሐበሻውን መርዶ ሁሉ ለሚያረዱት ለእትዬ ሙሉወርቅ ደወለች።

«ሁላችንም ሥራ ላይ ነን እኮ ልጄ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ፣ ኦኬ?»

ትንፍሽ አላለችም። ማክሰኞ አንድ ቃል ልከው መልስ ጠበቁ። ረቡዕ ያንኑ ደገሙት። ሐሙስ «ተቀይማኛለች። ለእናታችን ቀብር ስላልሄድኩ ነው» አሏትና ለእህታቸው በስልኩ ማብራራት ጀመሩ። ዓርብ መካከለኛው አናባቢም ረጅሙም በለቅሶ ተደባልቆባቸው እህታቸውን ለመኗት። ቃሉ ባይገባትም ይቅርታ መሆኑ ለሐመልማል አልጠፋትም። ጣቷን ግን ከስልኩ አላነሳችም። ያን ጊዜ እስከ ቅዳሜ መደበቁ ወግ ነው ብላ ራሷን አታለለች። ፍርሃት ነበር፤ ዛሬም ታፍርበታለች።

ቅዳሜ እትዬ ሙሉወርቅ ሦስት ሴቶች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። መርዶው ተነገረ። ጋሼ ያዱላህ አላለቀሱም፤ እንግዶቹን አመስግነው ሻይ አስቀዱላቸው። ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«መቼ ሞተች?»

«እሑድ፣ ጋሼ።»

«አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«ሰኞ።»

ዓይናቸው በእጇ ወደያዘችው ስልክ ሄደ።

«ትናንት ስለምናት ስልኩን የያዝሽልኝ አውቀሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና ለእህታቸው ልጅ ሊደውሉ ሞከሩ። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩን ሳተ፤ ደግሞ ሳተ። ሐመልማል ልታግዛቸው የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች።