ዓይንሽ ገና አልከሳም

ዶንካ ሰው ማጋባት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት። በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ የቡልጋሪያ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወጥተው ወደ ጋብቻ አዳራሹ ሲገቡ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ የምትጠብቃቸው እሷ ናት። ድምፅዋ ደወል ነው። «በሕግ በተሰጠኝ ሥልጣን» ስትል አዳራሹ ጭጭ ይላል። የከተማው ግማሽ ትዳር በእሷ አፍ የታሰረ ነው፤ «የተፈታውም ጭምር» ይላል ባሏ ቬሊን።

ያኔ መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ ትመዝን ነበር። ልብስ መርጣ አታውቅም። በከተማው ለወፍራም ሰው የሚሆን ልብስ የሚያመጣ አንድ ሱቅ ብቻ ነበረ፤ እዚያ ትሄዳለች፣ ልኳ የሆነውን ትገዛለች፣ ትወጣለች። «ወደድሽው?» ብሎ የጠየቃት የለም። ቀለሙ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ጥቁር ቀጭን ያስመስላል ስላሏት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች፤ እውነቱን ለመናገር ቀጭን አስመስሏትም አያውቅ።

ነገሩን የጀመረው ጉልበቷ ነው። አንድ ቅዳሜ አራት ጥንዶች ተከታትለው መጡ። ዶንካ አራተኛዎቹን ካጋባች በኋላ ደረጃውን መውረድ አቅቷት ወንበር ላይ ቀረች። ሐኪሙ የደሟን ስኳር አይቶ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገና፣ «ወይዘሮ ዶንካ፣ እኔ አልቆጣዎትም። ጉልበትዎ ግን ተቆጥቷል» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ተወች። ባኒትሳ የሚሉትን አይብ የገባበት ትኩስ ቂጣ ጠዋት ጠዋት ሽታው ከዳቦ ቤቱ እየወጣ ሲጎትታት ፊቷን አዙራ ማለፍ ለመደች። ከሥራ ስትወጣ በወንዙ ዳር እስከ መርከብ ማቆሚያው በእግሯ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ወር ስድስት ኪሎ ቀነሰች። ከዚያ በኋላ መውረዱ አላቆመም፤ በዓመት ከመንፈቅ አርባ ሰባት ኪሎ።

መክሳት ከባድ እንደሆነ ያላስጠነቀቃት አልነበረም። ልብሱ እንዲህ እንደሚያንገፈግፍ ግን የነገራት አንድም ሰው የለም።

እትዬ ጊና ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ምድር ቤት ውስጥ የምትሰፋ፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል ሴት ናት። ዶንካ መጀመሪያ ጥቁሩን ጉርድ ቀሚስ ልታስጠብብ ስትመጣ፣ «እሰይ! ከዓይን ያውጣሽ!» ብላ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለችባት። በሁለተኛው ጊዜ ዝም ብላ ሰፋች። በአራተኛው ግን መነጽሯን ወደ ግንባሯ አወጣችው።

«ይሄን ባለፈው ወር አጥብቤልሽ የለም እንዴ?»

«ሰፋብኝ፣ እትዬ ጊና።»

«ልብስ አይሰፋም። የምታንሺው አንቺ ነሽ። እስቲ አንድ ቦታ ላይ ርጊ!»

«ለሐኪሙ ልንገርልዎት?»

«ንገሪልኝ! ይሄን ጉርድ ከዚህ በላይ ካጠበብኩት ሁለቱ ኪሶች ከኋላሽ ተገናኝተው ይሳሳማሉ።»

አዲስ ትግዛ እንዳይባል፣ ገዝታለች። በጸደይ የገዛችውን ሰማያዊ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ለበሰችው፤ በአራተኛው ከትከሻዋ ላይ እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ። ሰው በእግሩም ይከሳል፤ ጫማዋ በደረጃው ላይ ከእግሯ እየወጣ ያሳድዳት ጀመር። ጡት ማስያዣዋ፣ ቀበቶዋ፣ የጋብቻ ቀለበቷ ሳይቀር ልኩ ጠፋ። ቦርሳዋ ውስጥ ከሊፒስቲኳ ይልቅ መርፌ ቁልፍ በዛ።

ሶፊያ የምትኖረው ልጇ ያና ነገሩን ስትሰማ የራሷን ልብስ በሻንጣ ላከችላት። ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ነበረበት። ዶንካ ለበሰችው፤ ወገቧ ገባ! በደስታ ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ዞራ በቀዳዳው የራሷን ጉልበት አየችና አወለቀችው። «አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንደወደቀች ልጅ ጉልበቴን ገልጬ ነው ሰው የማጋባው?» ብላ ለያና ደወለች። ያና በሳቅ ፈነዳች። በዋናው መንገድ ያለው ሱቅ ስትሄድ ደግሞ ሻጯ አበባ የፈሰሰበት፣ ወርቃማ ክር የተጠለፈበት ነገር አልብሳት «ልጅ አደረገዎት!» አለቻት። ዶንካ መስታወቱ ውስጥ ያየችው ለግብዣ የተሰናዳ ጠረጴዛ ነበር።

ሰውም ደግሞ አለ። ወፍራም ሳለች ስለ ሰውነቷ በጀርባዋ ያወሩ የነበሩት አሁን ፊት ለፊት ይጠይቋታል። «ታመሽ ነው እንዴ?» «ቬሊን ትቶሽ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አንዷ ጎረቤት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትሪ ሙሉ ባኒትሳ ይዛላት መጣች። «ብዪ የኔ እመቤት፣ እስካለሽ ድረስ ብዪ።» ዶንካ ትሪውን ተቀብላ በሩን ዘጋችና ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ «አልሞትኩም!» ብላ ለግድግዳው ጮኸች። ባኒትሳውን ቬሊን በላው።

ያው ቬሊን፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ትልቁን የሱፍ ካፖርቷን ሰገነቱ ላይ ለክረምት ጎመን በጨው በተዘፈዘፈበት በርሜል ላይ አልብሶት አገኘችው።

«ምነው? ጎመኑ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» አለ።

«ካፖርቴ ነው ቬሊን!»

«ነበር። አንቺ አሁን ብትለብሺው ትጠፊበታለሽ። በርሜሉን እዪው፣ ልክክ ብሎለታል።»

ሁለት ቀን አላናገረችውም።

ከሁሉ የባሰው ግን ቅዳሜ መጣ። ያን ዕለት ጉርዷን የያዘው ሁለት መርፌ ቁልፍ ብቻ ነበር። ሙሽሮቹ እንደፈረሙ፣ ማን ቀድሞ የሌላውን እግር ይረግጣል የሚለው ፉክክር አለ፤ ቀድሞ የረገጠ የቤቱ አዛዥ ይሆናል ይባላል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት አዳራሹ ሙሉ አቀርቅሮ እግር ነው የሚያየው። ዶንካ ማኅደሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለመጨረሻው አዋጅ ደረቷን ሞልታ አየር ሳበች። አንዱ መርፌ ቁልፍ ተፈናጠረ። ሌላውም ተከተለው። «በሕግ በተሰጠኝ ሥልጣን» ስትል ጉርዱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር።

ከፊት ለፊት የጠረጴዛው ጨርቅ ከልሏታል። ከጎን ወንበር ላይ የተቀመጡት የሙሽራው አያት ግን ሁሉንም አዩ። «ውይ በሞትኩት! የሴትዮዋ ቀሚስ!» አሉ ጮክ ብለው። ሙሽራው ደንግጦ ቀና ሲል ሙሽሪት እግሩን ረገጠችው። ጭብጨባው ቀለጠ።

«...ባልና ሚስት መሆናችሁን አውጃለሁ!» አለች ዶንካ፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ኮቷ ደግነቱ ሰፊ ነው፤ እስከ ጭኗ ይደርሳል። ሩብ ሰዓት ሙሉ ከጠረጴዛው ጀርባ ሳትነቃነቅ እጇን ዘርግታ «እንኳን ደስ አላችሁ» ስትል ቆየች። አዳራሹ ባዶ ሲቀር ጉርዷን አነሳች፣ በመጋረጃው ማሰሪያ ወገቧን ጠፍራ ወጣች። ንዴቷ ደረጃውን ከእሷ ቀድሞ ወረደ።

እትዬ ጊና ታሪኩን ሰምታ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ከዚያ መቀሷን አስቀመጠች።

«ከእንግዲህ ይሄን ጨርቅ አልነካውም። ተነሺ፣ ነይ።»

የወሰደቻት ሰልባጅ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ልብሱ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው የሚሸጠው።

«በኪሎ?» አለች ዶንካ በሩ ላይ ቆማ። «እዚህም ኪሎ ተከተለኝ?»

«ግቢ!»

ገባች። እጇ ሳታዝዘው ሄዶ ከዳር ያለውን፣ ሰፊውን፣ ጥቁሩን ያዘ። እትዬ ጊና እጇን ቸብ አደረገቻት።

«ሰውነትሽ ከስቷል፤ ዓይንሽ ገና አልከሳም።»

«ምን ልልበስ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! ምን ትወጃለሽ?»

ዶንካ ቬሊንን ስታገባ መልስ ነበራት፤ ለሥራዋ፣ ለልጇ ስም መልስ ነበራት። ለዚህ ግን የላትም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አለመኖሩን አሁን ገና ማወቋ ይበልጥ አበሳጫት። «እኔ እንጃ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» ብላ በአሮጊቷ ላይ ጮኸች። እትዬ ጊና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እጠብቃለሁ» አለች።

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ዶንካ እያወጣች ወረወረች፦ ዳንቴሉን «አክስቴን መሰልኩ»፣ ቀዩን «እሳት አደጋ»፣ እጅጌ የሌለውንማ ሳትሞክረው። ክንዷ ላይ የተረፈው ቆዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ይህንንም ማንም አልነገራትም ነበር። በመጨረሻ ከወንዶቹ በኩል ጥቁር አረንጓዴ ሱፍ ሙሉ ልብስ አወጣች። የአንድ አጭር ሰውዬ ነበር ይመስላል። ትከሻው ቀጥ ያለ፣ የሱሪው መስመር እንደ ቢላ የተሳለ። ለበሰችውና እጆቿን ኪሶቹ ውስጥ ከተተች። እስከ አንጓዋ ገቡ።

«እሱ የወንድ ነው» አለ ባለሱቁ።

«ነበረ» አለች ዶንካ።

እትዬ ጊና ወገቡን አስተካከለች፣ እጅጌውን አሳጠረች፤ ዶንካም ከነጭ ሸሚዝ ጋር እስከ አንገቷ ቆልፋ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ገባች። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ስፓሶቭ ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«ወይዘሮ ዶንካ፣ ሙሽራ የሚያጋባ ሰው በሱሪ?»

«በጉርድ ሞክሬ ነበር፣ አቶ ስፓሶቭ። የሆነውን ሰምተዋል።»

«ደንብ አለ እኮ!»

«ያምጡትና እናንብበው።»

«ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ! ለልጅ ልጆቻቸው የሚቀር ነው!»

«ታዲያ ለልጅ ልጆቻቸው ባለፈው የወደቀው ጉርድ ይቅርላቸው?»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ደንቡን ሁለት ሳምንት ፈልጎ ስለ ጉርድም ስለ ሱሪም አንድ መስመር አጣ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ሌላ የሚያጋባ ሰው የለውም። ተወው። ጉምጉምታው ግን እስከ ፋሲካ ዘለቀ፤ ዶንካም ባየችው ቁጥር እጇን ኪሷ ትከታለች።

ኪሎው ሰማንያ አራት ላይ ደርሶ ቆመ፤ ለበዓል ሁለት ጨመረ፣ አንዱን መለሰ። ያኔ እትዬ ጊና አዲስ ጨርቅ አስገዝታ ሜትሯን ይዛ ዙሪያዋን ዞረች። የጡብ ቀለም ያለው ሱፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙን የመረጠችው ዶንካ ናት፣ በአምስት ደቂቃ። ልብሱ ሲያልቅ ለክታው ደስ አላት። ከዚያ ገልብጣ ውስጡን አየች። በየስፌቱ ሦስት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ተትቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለማስፊያ የሚሆን ነው። ምናልባት ድንገት ብትወፍሪ።»

«አልወፍርም! ይቁረጡት!»

«አልቆርጥም።»

«እትዬ ጊና፣ ልብሱ የኔ ነው!»

«ስፌቱ የኔ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲወፍርም ሲከሳም አይቻለሁ። ከፈለግሽ መቀሱ ያው፣ ራስሽ ቁረጪ።»

ዶንካ መቀሱን አነሳች። ስፌቱን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ከዚያ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ አዲሱን ኮቷን ከነትርፉ ለብሳ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች። ሦስት ሰዓት ላይ ሙሽሮች ነበሯት።