የኮሺትሴ ቪየናዎች

ብላዤና ኦንድሬይኮቫ የሚቀፋት ነገር ሲገጥማት ብዙ አትናገርም ነበር፤ ትከሻዋ ብቻ ይደርቃል። በከተማችን በኮሺትሴ ኦርኬስትራ ውስጥ ከቫዮሊን ጎላ የምትለውን ቪዮላ ትጫወታለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ባስ ይዤ እቆማለሁ። ስለዚህ ፊቷን ሳላይ፣ ከጀርባዋ ብቻ ውሎዋን አውቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚቀፏት የራሳችን ታዳሚዎች ነበሩ። ምክንያት አላት። አባቷ ኪሳክ ጣቢያ ባቡሮችን ሐዲድ የሚያስቀይር ሠራተኛ ነበር። ልጁ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣች ቀን የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ጸጥ ሲል ሙዚቃው ያለቀ መሰለውና አጨበጨበ፤ ያውም በዚያ ብረት ባሻከረው መዳፉ። ከፊቱ የተቀመጠች ባለፀጉር ካፖርት ሴትዮ ዞር ብላ «ሽሽሽ!» አለችው፣ ድመት እንደምታባርር። ከጎኗ ያለው ሰውዬም «ምን ይደረግ፤ በረቱን ክፍት ትተውት ነው» ብሎ ሳቀ። አባቷ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ሞቶ እስኪቀበር ድረስ አዳራሹን አልረገጠም።

«እና እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምጫወተው ለማን መሰለህ?» አለችኝ ይህን ስታወራኝ። «ለእነዚያ ነው። ሳያቸው ለሚያቅለሸልሹኝ።»

የድሮው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ባዶ ኪሱን ሲዳብስ፣ ኦርኬስትራው ሜዳ ላይ ቀረ። የአዳራሹ ማሞቂያ ተዘጋ። ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርገን ነበር የምንጫወተው። ኦስካር ሪባር የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሪባር ወጣትነቱን ስዊዘርላንድ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሸጥ ያሳለፈ፣ በር ሲገባ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነበር። ማንም ሳይደግፈው የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፈተና «ዳክዬ» ብሎ ሰየመው። ለምን ዳክዬ እንዳለው ሲጠይቁት፣ «ዳክዬን የማያውቅ ሰው አለ? የለም። አለቀ!» ይላል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ክላሲካል ሙዚቃን እንደ ሽቶ ያስወድዱታል፤ እሱ እንደ ዳቦ ሊሸጠው አሰበ። ሲዲዎቹን የሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ከክብሪትና ከሳሙና ጎን ደረደራቸው። ዋጋቸው ከአንድ ሳህን የጎመን ሾርባና ከአንድ ቢራ አይበልጥም። ውስጣቸው ያለችውን ማብራሪያ የምትጽፈው ሚስቱ ነበረች፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። አንዱ ላይ «ሁለተኛው ክፍል ቀርፋፋ ነው፤ ድንች እየላጡ ቢሰሙት አይቀየምም» ብላለች። ሌላው ላይ ደግሞ «እዚህ ጋ እንባዎ ቢመጣ አይፈሩ፤ እኛም አልቅሰናል» ትላለች።

የምንቀዳው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ አሮጌ የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ነበር። ከወለሉ ሥር የኮመጠጠ ጎመን በበርሜል ይከማቻል። ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ቤታችን ድረስ ይከተለናል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቁመን እንደገና እንጀምራለን። ቢሆንም ከልባችን እንጫወት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የሚሞቀን በዚያ ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

የሚመራን የኦርኬስትራው ዋና መሪ፣ ዶክተር ቪክቶር ሃልሞሽ ነበር። ሽቶ የተነከረ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ነው አዳራሹ የሚገባው። ሪባርን አንድ ነገር አስምሎታል፦ ስሙ በዳክዬ ሽፋን ላይ እንዳይወጣ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «አንቶን ሊንድነር እና የቪየና የአትክልት ሥፍራ ኦርኬስትራ» ተብሎ ታተመ። አንቶን ሊንድነር የሚባል ሰው አልተፈጠረም። የአትክልት ሥፍራውም ኦርኬስትራ የለውም። መጀመሪያ ላይ ስቀናል። ቀንደ መለከት ነፊው ኢምሪኽ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ፣ ቪየናዎች!» እያለ ሰላም ይለን ነበር።

አንድ ቀን ኢምሪኽ ጋዜጣ ይዞ መጣ፤ አልሳቀም። ሃልሞሽ ጽሑፍ አውጥቶበታል። «ሙዚቃን ከሳሙና ጎን የሚሸጥ ሰው፣ ጥሩ ወይን ጠጅ የአሳማ ገንዳ ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ነው፤ ዳክዬ የሚያወጣውም መኖ እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ይላል። ያው ሰውዬ ከሰዓት በኋላ መሐረቡን ይዞ ከች አለ፤ ዘንጉን አነሣና መኖውን አስጀመረን። የብላዤና ትከሻ እንደ ሳንቃ ደርቆ ነበር።

ዕረፍት ላይ፣ «ሰው በሚበላበት ሳህን ላይ ሲተፋ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አሁን አየሁ።»

«እኔ ደግሞ ከዚያው ሳህን አብሬው እየበላሁ ነው» አለችና ዳቦዋን መልሳ ጠቀለለችው።

የባሰው ግን ገበያ ውስጥ ነው የገጠማት። ጌይዛ የሚባል ቋሊማ የሚሠራ ሽማግሌ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ ብላዤና ከልጅነቷ ጀምሮ ደንበኛው ናት። ያን ቅዳሜ ስትሄድ ከሥጋው መስቀያ ጎን ትንሽ ማጫወቻ አቁሞ፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ከተፈጨው ሥጋ ጋር እያሸ ሙዚቃ ይሰማል። ብላዤና ባለችበት ቆመች። የምትሰማው የራሷን ቪዮላ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ቪዮላዎቹ ብቻቸውን የሚቀሩበትን ቦታ።

«ዝም ብለሽ ስሚ!» አላት ጌይዛ እጁን ከሥጋው ሳያወጣ። «አሁን ትመጣለች… ይኸው! ይቺን ስሰማ ሚስቴ ከመቃብር ተነሥታ ጓዳ የገባች ይመስለኛል።»

«ከየት አገኙት፣ አጎት ጌይዛ?»

«ከሱቅ ነዋ! ሳሙና ልገዛ ገብቼ። እኔማ ይኼ ነገር የጌቶች ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ አዳራሽ በር አላልፍም ነበር። አሁን ገበያው ሁሉ ይዞታል። ዓሣ ሻጯ ኢሎና እንኳ በሲዲ ብዛት ከእኔ ትበልጣለች፤ አታበድርም እንጂ።»

«አጎት ጌይዛ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«ምኑ?»

«የሚሰሙት ቪዮላ። የተጫወትነው እኛ ነን፤ የኮሺትሴዎቹ።»

ጌይዛ ሆዱን ይዞ ሳቀና አቆላምጦ ጠራት። «ብላዤንካ፣ አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ፤ አባትሽም ጨዋ ነበሩ። ግን ይኼ ቪየና ነው! ተጽፏል እኮ! የኛዎቹ መቼ እንዲህ ይጫወታሉ? ቢጫወቱማ ያ መሪያቸው በጋዜጣ አይመሰክርላቸውም ነበር?»

ቋሊማውን ሳትቀበለው ወጣች። ከገበያው ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ እንዳስመለሳት በኋላ ነገረችኝ።

«የሥጋው ሽታ ነው?» አልኳት።

«የሥጋው አይደለም። የስሙ ነው።»

ሰኞ ዕለት እኔን አስከትላ ሪባር ቢሮ ገባች።

«አቶ ሪባር፣ ከአሁን በኋላ የሚወጣው ላይ ስማችንን ይጻፉልን» አለችው።

«ተቀመጪ እስቲ፣ ብላዤና።»

«መቆም ይሻለኛል።»

ሪባር ተነፈሰ። «ኮሺትሴን ማን ይገዛል? ሰው ጆሮውን የሚከፍተው ቪየና ስትይው ነው። እኔ የፈለግሁት ሕዝቡ እንዲሰማ ነው፤ እየሰማ ነው፤ ሌላ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ሙዚቃ የሁሉም ነው ብለው መጡ፤ እሰይ አልን። ከዚያ ሥጋ ሻጩ እጅ ላይ ‹ጎረቤትህ ይህን አይችልም› ብለው ጽፈው ሰጡት። በበር አስገብተው በመስኮት አስወጡት።»

«ስሜ አይውጣ ያለው እኮ ማዬስትሮው ነው። የእናንተን ከጻፍኩ የሱም ይታወቃል።»

«እና እሱ ባፈረብን እኛ ነን የምንደበቀው?»

«ንግድ ነው» አለ ሪባር።

ያኔ ‹እርስዎ› ማለቱን ተወችው። «ስማ አንተ ሰውዬ፤ እዚያ አዳራሽ ሥር ያለው ጎመን ይገማል። ግን ጎመን ነኝ ነው የሚለው። አንተ ከሱም ታንሳለህ» አለችና በሩን ክፍት ትታ ሄደች።

ጓደኞቻችን አልተከተሏትም። «ስም አይበላም፣ ብላዤንካ» አላት ኢምሪኽ አንገቱን ደፍቶ። «የኔ ልጆች በልተው የሚያድሩት በሊንድነር ነው።» እሱን አልተጸየፈችውም። የኢምሪኽን ቤት ታውቀዋለች።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ስትመጣ ግን ጌይዛን ይዛ መጣች፣ ከነሽርጡ። እንዴት አሳምና እንዳመጣችው አላውቅም፤ ብቻ ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሃልሞሽ መሐረቡን ከአፍንጫው አነሣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ። ማን ነው አላለም።

«የሚሰማን ሰው ነው፣ ማዬስትሮ» አለች ብላዤና።

«እዚህ ሥጋ ያዘዘ የለም።»

«ግድ የለም» አለ ጌይዛ፤ ለካ ጋዜጣውን አንብቦታል። «እኔ ገንዳዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ብቻ ወይን ጠጁን ሲገለብጡ ቀስ ይበሉ።»

ኢምሪኽ መለከቱ ውስጥ ሳቀበት፤ መለከቱም እንደ ላም እምቧ አለ። ሃልሞሽ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሪባር ጊዜው እንዳይባክንበት ፈርቶ ከመቅጃው ክፍል «ይቀመጥ፣ ይቀመጥ!» ብሎ ጮኸ። ጀመርን።

ቪዮላዎቹ ብቻቸውን የሚቀሩበት ቦታ ስንደርስ ጌይዛ ተነሥቶ ቆመ። ወንበሩ እንዳይጮህ በሁለት እጁ ይዞት ነበር። ሲያልቅ ወደ ብላዤና ሄዶ ነጭ ሽንኩርት በሚሸት እጁ ጭንቅላቷን ዳበሳት፣ ትንሽ ልጅ እንደሚዳበስ። ከዚያ ወደ ሃልሞሽ ዞረ።

«አቶ ሊንድነር እርስዎ ነዎት?»

ሃልሞሽ መሐረቡን መልሶ አፍንጫው ላይ ያዘ።

«በእውነት ጥሩ ነው የሚመሩት። ያ ሃልሞሽ የሚሉት ሰውዬ ግን በጋዜጣ አዋርዶዎታል። እኔ እርስዎን ብሆን ዝም አልለውም።»

በማግስቱ ጌይዛ በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ላይ «ይህን የተጫወቱት የኛዎቹ ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጽፎ መስቀያው ላይ ሰቀለው። ኢሎናም ዓሣዋ ላይ ሰቀለች። ሳምንት ሳይሞላ ሰዎች ሱቅ እየገቡ «የኛዎቹን ስጠኝ» ማለት ጀመሩ፤ ቪየናን የሚጠራ ጠፋ። ሪባር ይህን ሲሰማ በሩጫ መጣ። የሁላችንንም ስም እየጠየቀ መዘገበና በአዲሶቹ ሽፋኖች ላይ አሳተመው። የብላዤናን አሳስቶ ‹ብላዜና› ብሎታል።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «እውነት እንኳ ካልሸጠ አይታተምም» አለችና ሲዲውን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ሃልሞሽ ግን ሊንድነር ሆኖ ቀረ። የኮሺትሴ ኦርኬስትራ በማይኖር ቪየናዊ ሲመራ አስቡት! ይህ የቆየው አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ከቅጂዎቻችን አንዱን እስኪያወድስ ድረስ ነው። «ይህን የመራው ሊንድነር ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ መጽሔቱ። በዚያው ሰሞን ሃልሞሽ ሪባር ቢሮ ሄዶ ስሙ እንዲመለስለት፣ ያውም ከሁላችንም ስም በላይ በትልቁ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ሪባርም ጻፈለት።

ከንቲባው ግብዣ አደረጉ። እንቁላልና የአሳማ ሥጋ የተጫነባቸው ትንንሽ ዳቦዎች በየሳህኑ ተደርድረዋል፤ ባለፀጉር ካፖርቶቹ ሁሉ መጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ሲዲውን ለማስፈረም ይዘዋል። ሃልሞሽ ብርጭቆ አንሥቶ ተናገረ። «እኔ ሁልጊዜም የማምነው ሙዚቃ የሕዝብ መሆኑን ነው። ከሳሙናም ጎን ይቀመጥ፤ ከዳቦም ጎን ይቀመጥ። ሲስቁብኝ እንኳ ከዚህ እምነቴ ንቅንቅ አላልኩም።» አጨበጨቡለት። ብላዤና አፏ ውስጥ የነበረውን ዳቦ በናፕኪን ተቀብላ ጠቀለለችው።

ፎቶ አንሺዎቹ ሲጠጉ ሃልሞሽ እጁን ዘርግቶ ወደሷ መጣ። «ውድ ብላዤንካ! ይህ የጋራችን ድል ነው!»

እጁን አየችው። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየ፤ ፎቶ አንሺውም ጠበቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማዬስትሮ» አለች። «እጄን ታጥቤ ነው የመጣሁት።» ካፖርቷን ይዛ ወጣች።

በዚህች ቃል የተነሣ ሃልሞሽ ከፊተኛው ወንበሯ አስነሥቶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጣት፤ ጡረታ እስክትወጣም እዚያው ቆየች። አልጠየቀችም፤ አልለመነችም። ዳክዬ እየሰፋ ሄደ፤ ሪባር ሲሞት ሚስቱ ተረከበችው፤ ማብራሪያዎቹን ዛሬም የምትጽፈው እሷ ናት። ኢሎና ሐሙስ ሐሙስ ኮንሰርት ልትሰማ ወደ አዳራሹ ትመጣለች፤ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፤ አጠገቧ የተቀመጡ ሰዎች ወንበር ይቀይራሉ፤ እሷ አትቀይርም።

ሃልሞሽ ሙዚቃን ለሰፊው ሕዝብ ስላዳረሰ ተብሎ ሜዳሊያ የተሸለመ ቀን ብላዤና እኔ ቤት ምሳ ላይ ነበረች። ቴሌቪዥኑ ሲያሳየው ልነሣና ላጠፋው ፈለግሁ።

«ተወው» አለችኝ። ማንኪያዋን ሳህኑ ዳር አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ጠበቀች። ዜናው አልፎ የአየር ሁኔታው ሲጀምር፣ የቀዘቀዘውን ሾርባ ስባ መብላቷን ቀጠለች።