የድንቢጥ እግር የለካው ቶርኒተር

ጉዲሳ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጎሮ ያለው ግቢው ከአባቱ እርሻ የተረፈ ቁራሽ ነው። በእሱና በጎረቤቶቹ ጣሪያ ሥር፣ ድንቢጦች የሚፈለፈሉባቸው ሃምሳ የእንጨት ሣጥኖች ተሰቅለዋል። የወፍ ተመራማሪዋ ዶክተር ጸደንያ ጉዲሳን የቀጠረችው ለእጁ ስትል ነው። ጫጩቶቹ አሥራ ሁለት ቀን ሲሞላቸው ቁጥር ያለው ቀለበት ያስርላቸዋል፤ የእግራቸውን አጥንት በካሊፐር ይለካል። አጥንቱ ከዚያ ወዲያ አያድግም።

ጸደንያ የጠበቀችው ቀላል ነገር ነበር። ክረምቱ ትንንሾቹን ይገድላል፤ ትልልቆቹ ተርፈው ይፈለፍላሉ፤ ልጆቻቸውም እነሱን ይመስላሉ። ስለዚህ የጎሮ ድንቢጥ ከዓመት ዓመት መተለቅ አለበት። ክረምቱ ትንንሾቹን በየዓመቱ ገደለ። የድንቢጦቹ እግር ግን በስምንተኛው ዓመትም እዚያው አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር ላይ ነበር።

አንድ ጠዋት ጸደንያ የልኬቱን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ ምናልባት እጁ ከዕድሜ ጋር እያሳነሰ ለክቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እንዲያ ከሆነ የለካው ሁሉ ይጣላል።

ጉዲሳ ካሊፐሩን ጠረገ። «በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ኩሽኔት ላልቶብኝ አያውቅም» አለ።

ፈተናውን ያወጣው ራሱ ነው። ሃያ ድንቢጥ በመረብ ይያዝ፤ ቁጥሩ እንዳይታይ ቀለበታቸው በፕላስተር ይሸፈን፤ እሷ እያቀላቀለች እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ታቀብለው። አንዳንዶቹን ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት፣ ጫጩት ሳሉ ለክቷቸዋል። ሁለቱ ልኬቶች ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በላይ አልተለያዩም፤ ከድሮውም ጋር ገጠሙ።

ሚስቱ ደሪቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «የቤታችን በር ግን እንደተጣመመ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች።

የጉዲሳ እጅ ካልተሳሳተ የተሳሳተው የጸደንያ ግምት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጸደንያ ገና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ግማሹን ከጎጆ ጎጆ አዛወረች። የትልልቅ ወላጆች ልጆች በባዕድ ጎጆም ቢሆን በመጠኑ ተለቅ አሉ፤ ቁመት ይወረሳል። ይበልጥ የለያቸው ግን ምግብ ነበር። ትጉህ ወላጆች ያሉበት ጎጆ የገባው ተለቀ፤ ሰነፎቹ ጋ የቀረው ወንድሙ አነሰ። ክረምቱን ያለፉትም በልተው የተለቁት እንጂ በውርስ የተለቁት አልነበሩም።

«ታዲያ ጥጋብ ይወረሳል እንዴ?» አለ ጉዲሳ።

«አይወረስም፣ ጋሽ ጉዲሳ። ልኬትዎ ልክ ነበር። ደብተሮቹ ይቀመጣሉ።»

ጉዲሳ አላመሰገነም። ከደብተሮቹ መካከል የመጀመሪያውን መዘዘ፤ እሱ ከመቀጠሩ በፊት ጸደንያ ራሷ የለካችበት ነው።

«ይኼ የአንቺ እጅ ነው፣ ዶክተር» አለ።

ሃያ ድንቢጥ እንደገና ተያዘ። አሁን ፕላስተሩን የለጠፈው እሱ ነው። የጸደንያ ሁለት ልኬቶች በግማሽ ሚሊሜትር ተለያዩ። ደብተሯን ነጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የጉዲሳን ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ተወች።