የእሑድ ወንፈል

ሰውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለመሳብ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ያስቀኛል። ንፋስ መውጫ ስኖር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ድምፅ ማጉያ ጨምሩ፣ ቲሸርት አሳትሙ፣ የቴሌግራም ገጽ ክፈቱ። ድምፅ ማጉያው ተጨመረ፤ እኔም መስኮት መዝጋት ለመድኩ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከስማዳ ደውሎ ብልሃት አግኝቻለሁ ሲለኝ፣ ደግሞ ምን ሊያስጮህ ነው ብዬ ሰጋሁ።

የአክስቴ ልጅ ከወገዳ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ቅስና ከተቀበለ ወዲህ ግን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እሱ በልጅነታችን ያደረስኩበትን ሁሉ «አንተ» እያለኝ ይበቀለኛል። ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ገብቶ ድጓ የተማረ ድምፀ መልካም ሰው ነው። ያን ድምፅ የሚሰሙት ግን ጥቂት አሮጊቶች ነበሩ። ገበሬው በዓመቱ የንግሥ ቀን ሜዳውን ይሞላዋል፤ በተረፈው እሑድ ከሩቅ ተሳልሞ ያልፋል።

አብረውት የሚያገለግሉት ሌላው ቄስ ይህ መሯቸው ወገዳ ወዳለው ትልቅ ደብር ሊዛወሩ ተነሥተው ነበር። ለግድግዳ መቀደስ ሰለቸኝ ይሉ ነበር አሉ። የሚታገሡት እስከ ገና ብቻ ነው። ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይሆንምና፣ እሳቸው ከሄዱ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከንግሥ በቀር አይከፈትም።

ብልሃቱ ወንፈል ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ደቦ የጠላ ነገር ነው፤ ጠጥተህ ትሄዳለህ። ወንፈል ግን የቀን ነው። የሠራሁልህን ቀን ትመልስልኛለህ፤ ያልመለሰ ሰው ገበያ ውስጥ ፊቱን መደበቂያ ያጣል። የአክስቴ ልጅ በኅዳር ማጭዱን ይዞ በየሰው ማሳ ገብስ ማጨድ ጀመረ። እያጨደ ዜማውን ያንጎራጉራል፤ ሌላው አጫጅ ዘፈኑን ትቶ ያደምጣል። ሲመሽ ባለማሳው ቀንዎ መቼ ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ እሑድ ጠዋት ነው ይለዋል።

ላየው በሄድኩበት እሑድ፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል አንድ ገበሬ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አጨማድዶ ደጀ ሰላሙ ላይ ደረሰ።

«አባ፣ ምን ነካዎ? በሰንበት ሊያሳጭዱኝ ነው? ለንስሐውስ ማን ጋ ልሂድ?»

«ማጭዱን ግንቡ ላይ አስቀምጥና ግባ። የኔማ ማሳ እዚህ ውስጥ ነው።»

«ገብቼ ምን ላጭድ?»

«ምንም። እኔ ጎንበስ ብዬ ውዬልሃለሁ፤ አንተ ቆመህ ትመልስልኛለህ።»

ሰውየው ይህማ ከማጨድ ይከብዳል እያለ ገባ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ እየተደገፈ እስከ መጨረሻው ቆመ።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። ወንፈል ሲመለስ ያልቃል፤ አንቱ ሰው አልሳቡም፣ የዘሩትን ሰበሰቡ እንጂ፤ በሚቀጥለው እሑድ የሚመጣ የለም አልኩት። ሳቀና የሚቀጥለውንም እሑድ ና አለኝ።

ሄድኩ። ያ ገበሬ ሚስቱንና ጎረቤቱን አስከትሎ ቆሟል። ወንፈልህን መልሰህ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ስንዴው ገና ስላልታጨደና ቄሱ ማክሰኞ ስለሚመጡ ቀኑን አስቀድሞ እየከፈለ መሆኑን ነገረኝ። ጎረቤቱ ቆሞ ያስቀደሰው ቄሱ ባጨዱለት በአጎቱ ፈንታ ነው። ሚስትየው ማን ለማን እንደቆመ ከጠፋባት ሰንብቷል፤ ግድም አልሰጣት። የአክስቴ ልጅ የፈለገው ይህንኑ መምታታት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ማንም ከማንም ጋር ሒሳብ ካልተጨራረሰ ከቅዳሴ የሚቀር የለም። ሰዎችን አንድ ላይ ስለሚያቆየው ነገር ብዙ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ሒሳቡን ሆን ብሎ የማበላሸት ጥበብ የነበረው ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ሌላውን ቄስ ወደ ወገዳ መቼ እንደሚገቡ ጠየቅኋቸው። ገበሬውን በአገጫቸው አሳዩኝ። ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ የእሳቸውን ጤፍ ሲያጭድ ውሏል።

«ቀኑን ሳልመልስለት የት እሄዳለሁ?» አሉኝ፤ ነውር የጠየቅኋቸው ይመስል ፊታቸውን አዞሩብኝ።