የጋሽ ተካ የእሳት ወፍ

ባለፈው ሳምንት፣ በነፃ የንግድ ቀጠናው ከምሠራበት መጋዘን ጀርባ፣ ጥበቃው የብርቱካን መጠቅለያ ወረቀቶች ሰብስቦ ሲያቃጥል ሽታው በመስኮት ገባ። ያ ስስ ወረቀት ሲነድ ሽታው ለየት ይላል፤ ከጭሱ ሥር የልጣጩ ጣፋጭ መዓዛ አለበት። ለእኔ ያ ሽታ ቀንና ሰዓት አለው። ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ።

በዚያ ሰዓት ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ይነቃል፤ የሱቆቹ የብረት በሮች እየተንገጫገጩ ይከፈታሉ። እናቴ የተበላሸ ቬንቲሌተራችንን፣ የአየር ማራገቢያውን፣ አስይዛ ወደ ጋሽ ተካ ላከችኝ። ጋሽ ተካ ሁለተኛው ካርቲዬ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ቬንቲሌተር የሚጠግኑ ጎረቤታችን ነበሩ፤ አባታቸው በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ መጥተው እዚሁ የቀሩ። በሠርግና በልደት ላይ ደግሞ ምትሃት ያሳያሉ። የዚያን ቀን በሱቁ ያለውን ቬንቲሌተር ሁሉ አጥፍተው፣ ካናቴራቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ፣ አንድ የብርቱካን ወረቀት ፊታቸው አየር ላይ ተንሳፍፎ አገኘኋቸው።

«በሩን ዝጊው ልጄ! ነፋስ አታስገቢብኝ።»

ወረቀቱን ያንጠለጠለው ክር አልታየኝም ነበር። ክብሪት ሲለኩሱበት ግን እሳቱ ክሩን በጠሰውና ወረቀቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። በነጠላ ጫማቸው ረገጡት።

«ይንሳፈፋል፤ ይነድዳልም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲሉት ነው እምቢ የሚለው» አሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ አፌን የማልከፍት ልጅ ነበርኩ። ከጋሽ ተካ ጋር ማውራት ግን አልከበደኝም፤ ሲያወሩ የሚያዩት እጃቸውን እንጂ እኔን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ እሄድ ጀመር። ክሩን ከሞተር በፈታነው ቀጭን ሽቦ ቀየርነው፤ ሽቦው በእሳቱ ብርሃን እያብለጨለጨ አጋለጠን። ወረቀቱን አረጠብነው፤ ጭሶ ቀረ።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ወረቀቱን እንደ ቱቦ አድርጌ ሳህን ላይ አቆምኩትና ከላይ ከጫፉ ለኮስኩት። እሳቱ እየወረደ መጣ። ጥቂት ሲቀረው የተረፈው ከሳህኑ ተነሥቶ፣ እየነደደ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ጣሪያው ወጣ። ወደ ሱቁ ሮጬ ሄድኩ።

«ክሩን ይተዉት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ለኩሼ ሳሳያቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የእሳት ወፍ እንለዋለን! በጎረቤታችን በፋጡማ ሠርግ ላይ እናሳያለን። ከዚያ በማይክ ስምሽን እጠራለሁ፤ ይህን የፈለሰፈችው ሜሮን ናት እላለሁ። መናገር አይጠበቅብሽም፤ እጅሽን ማንሣት ብቻ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት እጄን ማንሣት ተለማመድኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ መቆም ምን እንደሚመስል ለአንድ ጊዜ እንኳ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ሠርጉ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የእኔ ሥራ ከአዳራሹ ኋላ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆሜ ቬንቲሌተሮቹን ማጥፋት ነው። አጠፋሁ። ወዲያው ሙቀቱ ወረደብን።

«ኧረ ተካ፣ ሙሽሮቹ ቀለጡ!» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

ከዚያ ወረቀቱ ነደደ፣ ተነሣ፣ ከሙሽሮቹ ራስ በላይ ወጥቶ ጠፋ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ተካ ማይኩን ያዙ።

«ይህን ጥበብ ያስተማረኝ ማርሴይ ያለ ፈረንሳዊ መምህሬ ነው!»

ጋሽ ተካ ከድሬዳዋ አልፈው ሄደው አያውቁም። እጄ ግማሽ መንገድ ተነሥቶ ነበር። ወደ ግድግዳው መለስኩትና ቬንቲሌተሮቹን አበራሁ።

በሩ ላይ አገኙኝ። «አየሽ እንዴት አማረ!»

«ፈረንሳዊው ማን ነው?»

«አይ ሜሪ! የጎረቤት ልጅ ናት ብላቸው ማን ያጨበጭብልኛል? ሰው የሚወደው ከሩቅ የመጣ ነገር ነው።» ኬክ በሶፍት ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ክፋት በፊታቸው ላይ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝም እሱ ነው። ኬኩን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት።

በማግስቱ እሑድ፣ እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምርበት ቀን፣ ትምህርት ነበር። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጄን አነሣሁ፤ መምህራችን እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ መነጽሯን አስተካከለች። ቬንቲሌተሩ እንዲጠፋ በምንማርበት ቋንቋ በፈረንሳይኛ ጠየቅኳት። ልጆቹ አጉረመረሙ። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን አቁሜ ለኮስኩት፤ ሲነሣ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው፤ ምንም አልደበቅኩም። የሰፈራችን ልጆች ግማሾቹ እዚያ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የጋሽ ተካ ምትሃት የማንም መጫወቻ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አለች መምህሯ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

ወረቀቱ ሳይወድቅ እንዲቆም ከሥሩ እንዴት እንደሚታጠፍ ግን በአንዱ ሐሙስ ያሳዩኝ ጋሽ ተካ ነበሩ።