መሪ ያዢ

የሰፈሩ ሰው አባቴን «መሪው» ይለው ነበር። ከሩቅ የሰማ የጦር አለቃ የነበረ ይመስለዋል። አባዬ ግን በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ የሚያመላልስ የካሚዮን ሹፌር እንጂ የማንም አለቃ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን ቁስለኞች እንደጫነ መኪናው ፈንጂ ላይ ወጣ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከዚያ በኋላ ነው፣ ራሱ በገዛት መኪና መሪ የተነሳ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ጋራዥ ተቀጠረ። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ከዓመታት በኋላ ባለንብረቷ ተስፋ የቆረጠባትን አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አስጎትቶ ግቢያችን አስገባት። እማዬ «ቆርቆሮ አመጣህልን?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን ግራ እግር የሌለው ሰው ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በምን እንደሚረግጥ ሲያስብ ከርሟል። ፔዳሉ ላይ የብረት ቱቦ በይዶ እስከ መሪው ጎን አወጣው፤ እጁን እንዳይልጠው ጫፉን በካላማዳሪያ ጎማ ጠቀለለው። ግራ እጁ ቱቦውን ሲገፋ ቀኝ እጁ ማርሽ ይቀይራል። ታዲያ ያን ጊዜ መሪውን የሚይዝ የለም። ስለዚህ ከጎኑ የሚቀመጥ ልጅ ሥራ አለው።

«መሪ ያዢ!» ይለኛል። እይዛለሁ። ታላቅ ወንድሜ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ይይዛል። በፊት ወንበር የተነሳ ስንት ቀን ተናክሰናል! እማዬ ከኋላ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። አባዬ በስፖኪዮ እያያት «ነቃ በይ እንጂ፣ መንገዱ እያለቀብሽ ነው» ይላታል። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ የትም ቢሆን እንደዚያው ነው የምንሄደው። ጓደኞቹ ሲገረሙ «ግራ እግሬን እኮ ወልጄዋለሁ» ይላቸው ነበር።

አደግን። ወንድሜ ቢሮ ገባ፤ የራሱን መኪና ገዛ፤ ትዳር ይዞም እዚያው ሰፈር ቀረ። እኔ ሥራ አግኝቼ ሌላ ከተማ ሄድኩ። የአባዬ ዓይን ደከም ማለት ጀመረ። አንድ ቀን የጎረቤትን በር ገጭቶ፣ መልሶ ራሱ በየደና ቀለም ቀባው። «እኔ ቆሜያለሁ፣ በሩ ነው የመጣብኝ» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም።

ከዚያ የተቆረጠው እግሩ ቁስሉ አገረሸ፤ ውስጡ የቀረ ስብርባሪ ብረት አለና ይውጣ ተባለ። ሆስፒታል ሊተኛ ሲል ለእማዬ ሙሉ ውክልና ሰጣት። ክፉ ቢገጥመው ቤቱ እንዳይቸገር ብሎ ነው። ማንም አልጠየቀውም፤ በራሱ አሰበ።

በወጣበት ቀን ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ወንድሜ ሥራ ይዞኛል ስላለ በታክሲ ወሰድኩት። መንገድ ላይ መለዋወጫ ሱቅ አጠገብ አስቆመን። የመኪናዋ ቺንጋ፣ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ አባዬ ከመተኛቱ በፊት ይጮህ ነበርና አዲስ እንድገዛለት ወረድኩ። ይዤለት ስመለስ በጣቶቹ አጠፍ ዘርጋ አደረገው፣ ጎማውን አሸተተው፣ ደስ አለው። ቤት እስክንደርስ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር።

በሩ ሲከፈት ሥራ ይዞኛል ያለው ወንድሜ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እማዬም ከጎኑ። የመኪናዋ ዳስ ባዶ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል።

አባዬ በክራንቹ ተደግፎ ቆመ። የት እንዳለች ጠየቀ። ወንድሜ ብዙ አወራ፤ ስለ ዓይኑ፣ ሐኪሙ ስላለው፣ ሰው ቢገጭ ስለሚመጣው ጣጣ፣ ጥሩ ገዢ ስለመገኘቱ። አባዬ ወንድሜ ሲጨርስ ወደ እማዬ ዞረ።

«ፈርመሻል?»

«ላንተው ብለን እኮ ነው።»

«ፈርመሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ብንነግርህ እምቢ ትል ነበር፣ አባዬ» አለ ወንድሜ።

«አዎ፣ እምቢ እል ነበር። የቀማችሁኝ እሱኑ ነው።»

ከዚያ እኔን አየኝ። አስተያየቱ አንቺስ የሚል ነበር። እንዳልሰማሁ፣ ለእኔም ማንም እንዳልነገረኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ማመኑን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ገዢው ጋ ውሰጂኝ አለኝ። ላስመልስ አላለም፤ የቱቦውን አያያዝ ለማሳየት ነው። ገዢው ዳቦ የሚያከፋፍል፣ ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ጨዋ ሰው ነው። ቱቦው ጉልበቱን ስለመታው በመጋዝ አስቆርጦ ጥሎታል። አባዬ ከቱቦው ፔዳሉ ላይ የቀረችውን ጉቶ ነካ ነካ አደረጋት። «ልክ ነው፣ ላንተ ምን ይሠራልሃል» አለው። ቺንጋውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠውና ቶሎ እንዲያስቀይር መክሮት ወጣን።

በዚያው ሳምንት ውክልናውን ሻረ። ቤት ውስጥ ግን ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። ድሮ «አንቺ ሴት፣ ሻይ!» ብሎ የሚጮኸው ሰው «እባክሽ» እና «አመሰግናለሁ» ማለት ጀመረ። እማዬ በስልክ አለቀሰችልኝ። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንደ እንግዳ ነው የሚያናግረኝ» አለች።

የወንድሜን መኪና መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት ግን አማራጭ አልነበረውም። ሐኪም ቤት ሲወስደው የፊተኛውን በር ይከፍትለታል፤ አባዬ አልፎት ከኋላ ይቀመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው መንገዱን እንኳ አያይም፣ ጉልበቱን ነው የሚያየው። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ሐኪም ቤቱ በር ስንቃረብ አባዬ በእርጋታ «ወራጅ አለ» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ወንድሜም ፈገግ ብሎ በስፖኪዮ አየው። የአባዬ ፊት ላይ ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ለብዙ ጊዜ ቀና አላለም። አባዬ ክራንቹን አስተካክሎ ብቻውን ወረደ።

ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል። ወንድሜ ወሬው በተነሳ ቁጥር ለእሱው ብለን ነው ያደረግነው ይላል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እማዬ ግን ይህን ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ ከክፍሉ ትወጣለች።